ዳዋ ሲለብስ

«ና፣ የድሮ መሥሪያ ቤቴን ላሳይህ» አሉኝ አጎቴ።

ዕለቱ የ2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ጳጉሜን 6። ለአጭር ጊዜ ወደ አሜሪካ ጎራ ብዬ ሜሪላንድ እሳቸው ቤት አርፌ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። «መሥሪያ ቤት» ሲሉኝ መቼም ቢሮ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ነው የታየኝ። ሸሚዝ ቀይሬ፣ ጫማዬን ወልውዬ ብቅ አልኩ። እሳቸው ቦት ጫማ አድርገዋል፤ በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ትንሽ ቢላ ይዘዋል። «ጫማህን ቀይር፣ ጤዛ አለው» አሉኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል በመኪና ሄድን። መንገድ ዳር አቁመን የሰፈሩ ሰዎች ውሻቸውን እያንሸራሸሩ በሚመላለሱባት ቀጭን መንገድ ገባን። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ! እስከ ወገብ የሚደርስ ሣር፤ በሣሩ መሐል ዓይን እስኪያደክም ድረስ የተነጠፈ ቢጫ አበባ። «አደይ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ሳቁ። «እኔም የመጀመሪያው ዓመት እንደዚሁ ብያለሁ። አደይ አይደለም፤ ጎልደንሮድ ይሉታል። ግን ጊዜውን አያዛንፍም፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ እሱም ይደርሳል።»

እየቆየ ነው የቦታው ነገር የገባኝ። አስፋልቱ በሥር ተሰነጣጥቆ እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ የጋሪ መንገድ አለ። ነጭ አሸዋ የነበረበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ የጥድ ችግኝ በቅሏል። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ያለፉ ለጋ ዛፎች ሜዳውን ከዳር ወደ መሐል እየወረሩት ነው። ኩሬው ዳር ኤሊዎች እንጨት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሦስት አጋዘኖች ቀና ብለው አዩንና ሥራቸውን ቀጠሉ። በእግሬ የመታሁትን ነገር ጎንበስ ብዬ ሳነሣው ቢጫ የለበሰች፣ የተሰነጠቀች የጎልፍ ኳስ ሆና አገኘኋት።

ጋሼ እዚህ ሜዳ ላይ 19 ዓመት ሣር አጭደዋል።

* * *

ጎልፍ ለብዙዎቻችን የሩቅ ነገር ስለሆነ ጥቂት ልበል። ጨዋታው የስኮትላንዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ፓርላማ «ወጣቱ የቀስት ልምምዱን ትቶ ጎልፍና እግር ኳስ ላይ ዋለ» ብሎ ሁለቱንም ከልክሎ ነበር። ክልከላው እንዳልሠራ ዓለም ይመሰክራል። አንድ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ባማካይ ስልሳ ሄክታር ገደማ ይፈጃል። በአገራችን የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር ብዙም እንደማይዘል ስታስቡት፣ አንድ ሜዳ የስድሳ አባወራ መሬት ነው ማለት ነው። ኳሱ ወደ ጉድጓዱ የሚንከባለልበት «ግሪን» የሚባለው ቦታ ደግሞ ሣሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚታጨደው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከዚያ ላይ ውኃ፣ ማዳበሪያ፣ የሻጋታ መድኃኒት ይጨመርበታል። ሣሩ በሕይወት አለ፤ ነገር ግን እንዲያድግም እንዲሞትም አይፈቀድለትም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ4,000 በላይ አዳዲስ ሜዳዎች ከፈቱ። ብዙዎቹ የተሠሩት ለጎልፍ ፍቅር ሲባል ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው የሚሸጠው ቤት ዋጋ እንዲንር ጭምር ነበር። ከ2006 ጀምሮ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ የሚዘጋው ከሚከፈተው እየበለጠ ሄደ። በኮሮና ዘመን ሰው ደጅ ደጁን ሲል ተጫዋቹ እንደገና በዛ፤ ስለዚህ ጎልፍ ራሱ አልሞተም። የጋሼ ሜዳ ግን ከዚያ በፊት፣ በ2015 ተዘግቶ ነበር።

* * *

እንግዲህ እኔ በዚያ ሁሉ አበባ መሐል ቆሜ ስሜት ያዘኝ። «ጋሼ፣ ይገርማል እኮ! ተፈጥሮ መብቷን አስመለሰች። ስምንት ዓመት ብቻ ቢተዋት እንዲህ ሆነች! ሰው እጁን ቢሰበስብ ዓለም ራሷን ታድናለች ማለት ነው» አልኳቸው። የከተማ ሰው ንግግር ነው፤ አምሮልኝም ነበር።

ጋሼ ዝም አሉ። ትንሽ ተራምደው አንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሙ። ለእኔ ከሌላው ሣር ምንም አይለይም። «ይኼ ሰባተኛው ግሪን ነው» አሉ። «ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ ተጫዋቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ጤዛውን አራግፌ፣ አጭጄ፣ ጉድጓዱን ቀይሬ እጨርስ ነበር። አንድ መስመር ከተጣመመብኝ ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል። ሦስት ልጆች ያሳደግኩበት ነው። አንድ ቀን የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጡን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ።» ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። «አንተ 'አማረ' ትላለህ። አዎ አምሯል። እኔ ግን ስመጣ የሚታየኝ ዳዋ የለበሰ ቤት ነው።»

ይህቺ ንግግር ናት እስከ ዛሬ ያልለቀቀችኝ።

«ዳዋ ለበሰ» በቋንቋችን የለቅሶ ቃል ነው። ባለቤቱ የሞተበት፣ ወይም የተሰደደበት፣ ወይም ወራሽ ያጣ ግቢ ነው ዳዋ የሚለብሰው። ገበሬውም ያላረሰውን መሬት «ጦም አደረ» ይላል። እስቲ አስቡት፤ መሬቱ ያልበላ፣ ራቱን ተነፍጎ የተኛ ሰው ይመስል! ለቅድመ አያቶቻችን ሣርና ቁጥቋጦ ተመልሶ መምጣት የድል ዜና አልነበረም፤ የሰው መጥፋት ምልክት ነበር። እኛ ደግሞ፣ ፊልም አይተን መጽሐፍ አንብበን ያደግነው፣ ያንኑ ነገር ስናይ «ተፈጥሮ አሸነፈች» ብለን እናጨበጭባለን። ማን ነው ትክክል?

* * *

እንደ እኔ ሐሳብ ችግሩ የሚጀምረው «ተወ» ከሚለው ቃላችን ነው። «ተወው» ስንል ብዙ ነገር እንላለን። በደሉን ይቅር አለው ማለት ነው። መጠጡን አቆመ ማለት ነው። ለእግዚአብሔር ሰጠው ማለት ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ሄደ ማለትም ነው። በአንድ ቃል የጻድቁንም የከዳተኛውንም ሥራ እንጠራለን። ስለዚህ አንድ ሰው «ለተፈጥሮ ተውኩት» ሲል፣ የትኛውን መተው እንደሆነ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጋሼን ሜዳ ባለቤቶች እንጠይቃቸው ብንል መልሱ ሩቅ አይደለም። ለኤሊውና ለአጋዘኑ አዝነው አልዘጉትም። ትርፉ ቀነሰ፣ ዘጉት። ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ይህ መተው ሳይሆን መጣል ነው፤ ያውም ሊያነሡት አስበው የጣሉት። አበባው የበቀለው በእነሱ ቸርነት አይደለም።

ደግሞስ ተመልሶ የመጣው «ተፈጥሮ» የቱ ነው? ጋሼ በቢላቸው ጫፍ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ከምሥራቅ እስያ የመጣ የጽጌረዳ ዘር ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ገበሬውን «ለሕያው አጥር ተክሉት» እያለ ያስፋፋው ነው፤ ዛሬ አጥፉት ይላል። ለእኛ ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በረሃ ይከላከላል ተብሎ አፋር የገባው ፕሮሶፒስ ምን እንዳደረገ እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ የተንሰራፋውንም እምቦጭ እናውቃለን። ሰው እጁን ሲሰበስብ ቦታውን የሚይዘው የጥንቱ ደን ሳይሆን ቀድሞ የደረሰው ነው። አፈሩም ቢሆን የበፊቱ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሜርኩሪ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት ግሪን ላይ ይረጭ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በስምንት ክረምት ታጥቦ አያልቅም። «እጅን መሰብሰብ» ያልኩት ነገር የቀደመውን የእጅ ሥራ አይሽረውም።

* * *

መተውን በወጉ የሠሩት ሰዎች ታሪክ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ አካሺያ የሚባል ነባር የጎልፍ ክለብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የጥበቃ ድርጅት ሜዳውን 14.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገዛና ለከተማው ፓርኮች አስተዳደር ሰጠው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው አላዩትም። ሜዳው እንዲደርቅ መሬት ውስጥ የተቀበሩትን የውኃ መውረጃ ቱቦዎች መዝጋት፣ ዛፍ መትከል፣ ወንዙን መንከባከብ የዓመታት ሥራ ሆነ። ካሊፎርኒያ ውስጥም የሳን ጀሮኒሞን ጎልፍ ሜዳ በ2018 ሌላ የመሬት ጥበቃ ድርጅት ገዛው። በሜዳው መሐል የሚያልፈው ወንዝ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት የሳልሞን ዓሣ መራቢያ ነበር። የጎልፍ ወዳጆች ተቃወሙ፣ ክርክሩ ጦፈ፣ በመጨረሻ በመጋቢት 2020 ነገሩ እስከ ድምፅ መስጫ ሳጥን ደረሰ፤ የጎልፍ ደጋፊዎች ሐሳብ ተሸነፈ። እንግዲህ «ዝም ብሎ መተው» የሚባለው ነገር ገንዘብ፣ ሠራተኛ፣ ክርክርና የሕዝብ ድምፅ ፈልጓል ማለት ነው።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልገረማቸውም። የመንዝ ሰው ናቸዋ!

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ በጓሳ ሣር የተሸፈነ ሰፊ ሜዳ ነው። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይጠቀምበታል። ታዲያ ይህ ሜዳ አራት መቶ ዓመት ገደማ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ሰው ተስማምቶ ስለሚዘጋው ነው። ባለርስቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ሰሞን፣ እንደገና ይዘጋል። በተዘጋው ጊዜ ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ሥርዓቱም ተናጋ፤ ሜዳው የሁሉም ነው ሲባል ጠባቂ አጣና ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው ተሰባስበው ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሰው አቆሙት።

«እኛ አገር ሣር ይተዋል» አሉኝ ጋሼ፣ «ግን ዘብ አለው።»

ጓሳንም ቢሆን የጻድቃን ሥራ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። የጥንቱ ሥርዓት ርስት ያለውን እንጂ የሌለውን አያውቅም ነበር፤ ሣሩ ሲከፈት ደጁ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው። የተወው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የሚራበው ከብት የማን እንደሆነ ይታወቃል። መቼ እንደሚከፈትም ይጠየቃል። የመተው ዕዳ ስም ነበረው።

* * *

ወደ ሜሪላንድ እንመለስ። ከሜዳው ስንወጣ በየቤቱ ደጃፍ ትናንሽ ሰሌዳዎች ተተክለው አየሁ፤ «አረንጓዴው ይጠበቅ» ዓይነት ነገር ይላሉ። ለካ ባለቤቶቹ ሜዳውን ለቤት ሠሪ ሊሸጡት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጠጋግተው የሚሠሩ ቤቶች ይቆሙበታል። የሰፈሩ ሰው ተነሥቷል። እኔ ወዲያው ከሰሌዳዎቹ ጋር ወገንኩ። ያንን አበባ አይቼ፣ እነዚያን ኤሊዎች አይቼ እንዴት አልወግን?

ማታ እራት ላይ የጋሼ ትልቋ ልጅ መጣች። ነርስ ናት፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። ባለቤቷ ታክሲ ይነዳል። አራት ዓመት ሙሉ ቤት ሲፈልጉ ከርመው አቅማቸው አልደረሰም። ስለ ሜዳው ሳወራላት ፈገግ አለች። «ሰሌዳ የተከሉት ሰዎች እኮ ቤት አላቸው» አለችኝ። «ጎልፍ ሜዳ እያለ እይታውን ወደዱ፤ አሁን ደግሞ ጫካውን ወደዱ። ያልወደዱት እኛ እንድንገባ ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ግን ልጆቼን እዚያ ወስጃቸው እንቁራሪት አሳይቻቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቢጠፋ አዝናለሁ» አለች።

ለአንድ አፍታ ማንም አልተናገረም። ሁለቱም ንግግሯ እውነት ነውና።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ እዚህ ደርሻለሁ። መልካም ነገር መገኘቱ አንድ ነው፤ መልካም መሥራታችን ሌላ ነው። ኤሊው በኩሬው መኖሩ መልካም ነው፤ የደብዳቤው ክፋት ኤሊውን አያረክሰውም። አበባው ማማሩ ደግሞ ደብዳቤውን ንጹሕ አያደርገውም። እኛ ግን ሁለቱን እናምታታለን። ውበቱን አይተን በደሉን እንረሳለን፤ ወይም በደሉን አስታውሰን ውበቱን እንክዳለን። እኔ ሰባተኛው ግሪን ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። ጋሼን ወግኜ አበባውን ብረግመው ደግሞ ሁለተኛውን እሠራ ነበር።

«ለተፈጥሮ ይተው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ራሴንም ጭምር። ከፋዩ ማን ነው? ጠባቂው ማን ነው? ተነሥቶ የሄደው ሰውስ ወዴት ገባ? እኛም አገር ተራራ ይከለላል፣ ወንዝ ዳር ይጸዳል፣ ፓርክ ይሠራል። ብዙዎቹ የሚደገፉ ሥራዎች ናቸው፤ ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራ ምንጩ ሲመለስ ያየ ሰው አይከራከርም። ግን የከብቷን ግጦሽ ያጣችውን ባልቴት፣ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ሒሳቡ ውስጥ ሳናስገባ ፎቶግራፉን ብቻ ካሳየን፣ ዳዋ አልብሰን «አለማነው» እያልን ነው። ሒሳቡ ውስጥ ካስገባናቸው በኋላም ቢሆን ምርጫው ቀላል ላይሆን ይችላል። የጋሼ ልጅ ቤትና የጋሼ ልጅ ልጆች እንቁራሪት አንድ ሜዳ ላይ ሲጋጩ፣ ግማሹን ለቤት ግማሹን ለኩሬው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን እኩል አይከፈልም። ቢያንስ የሚወስነው ሰው ማን ላይ እንደወሰነ ይወቅ።

ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይሉ የለ? ሁላችንም አንድ ቀን የምንለቀው ቦታ አለ፤ ሣር ይበቅልበታል። ያ ሣር ሲበቅል «እዚህ እገሌ ይሠራ ነበር» የሚል ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው እንግዲህ ልዩነቱ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጋሼ ቢላውን ለምን እንደያዙት ከሜዳው ልንወጣ ስንል ነው የገባኝ። ሰባተኛው ግሪን ዳር ጎንበስ ብለው ከዚያ ቢጫ አበባ እቅፍ ሙሉ ቆረጡ። በፌስታሉ ጠቀለሉት። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ለልጅ ልጆቻቸው ነው።

«ጋሼ፣ ክልክል አይደለም?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«19 ዓመት ጠብቄዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ተከፍቷል።»